ስሙ ይጻፍ ወይስ ይሰረዝ?

ሐሙስ ማታ ነው። እራት ቀርቧል፤ ልጄ ግን ከስልኳ ላይ ቀና አላለችም። ዘጠነኛ ክፍል ናት። ሰኞ የሚቀርብ የቡድን ሥራ አለባቸው፤ አምስት ሆነው የሚሠሩት፣ ከ20 የሚያዝ። ርእሱ «እንሰት ለአካባቢያችን ያለው ጥቅም» ይላል። ቱላ ተቀምጦ ስለ እንሰት መጻፍ ምን ያስቸግራል? ግቢያችንን ወጣ ስንል የምናየው እሱኑ አይደል! እንዲያ ብዬ ነበር።

«እማ፣ ሁሉንም የሠራሁት እኔ ነኝ» አለችኝ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። «አንዱማ ጭራሽ የለበትም። ቴሌግራም ግሩፑ ውስጥ አልገባ፣ ስንሰበሰብ አይመጣ። ማርኩን ግን እኩል ሊወስድ ነው።»

የእናት ነገር፣ ለመፍረድ አልዘገየሁም። «ታዲያ ስሙን ሰርዢው!» አልኳት። በዚህም አላበቃሁም። ዓርብ ከሥራ ስወጣ ኮምፒውተር ቤት ገብቼ ጽሑፉን አስተየብኩ፤ ፎቶዎቹን በከለር አሳተምኩ፤ አስጠርዤ ይዤ ገባሁ። ሽፋኑ ላይ የአራት ልጆች ስም ተደርድሯል። ልብ በሉልኝ፤ ለአምስት ልጆች የተሰጠውን ሥራ አንዲት ልጅና አንዲት እናት ጨርሰውታል። ያን ጊዜ ግን ይህ አልታየኝም፤ ፍትሕ ያስከበርኩ ነው የመሰለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ከልጄ ጋር ገበያ ወጣን። ቆጮ ከሚሸጡት ሴቶች መሀል አንዷ ጋ ቆመን ዋጋ ስንጠይቅ፣ ከኋላዋ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ሸክም የሚያራግፍ ልጅ ቀና አለ። ልጄ ክው አለች። ስሙን የሰረዝነው ልጅ ነበር።

እናቱ የክፍል ጓደኛው መሆኗን ስታውቅ ፊቷ በራ። «እንኳን መጣሽልኝ ልጄ! የቡድን ሥራ አለብን ይላል፣ የት እንደምትሠሩ ግን አላወቀም። ብጠይቃቸው በቴሌግራም ተነግሯል አሉኝ ይላል። እኛ ቤት እንዲህ ያለ ስልክ የለም» አለቻት። ልጁ መሬት መሬት ያያል። ልጄም መሬት መሬት ታያለች። እኔ ደግሞ፣ ያ አስጠርዤ ያስቀመጥኩት ወረቀት ትዝ ብሎኝ የምገባበት ጠፋኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ በባጃጅ ውስጥ ሁለታችንም አልተናገርንም። ግቢ ስንደርስ ልጄ አንድ ጥያቄ አነሳች። «እማ፣ እሱ እንኳ ስልክ የለውም። ሌላው ልጅስ? ለተጻፈው ሁሉ የአውራ ጣት ምልክት ይልካል፤ እስካሁን ግን አንድ መስመር አልሠራም። የእሱን ስም ለምን አልሰረዝነውም?»

እውነቷን ነው። አንዱን ስላልሰማን ሰረዝነው፤ ሌላውን «እሺ» ስላለ ብቻ ተውነው። ሁለቱ የተለያየ ችግር ነበረባቸው፤ እኛ ግን አንዱንም ለይተን አልጠየቅንም።

በቡድን ሥራ ላይ መለገም አዲስ ነገር አይደለም። ማክሲሚሊያን ሪንግልማን የተባለ ፈረንሳዊ የግብርና መሐንዲስ ሰዎችን ገመድ እያስጎተተ ጉልበታቸውን ለክቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተመው ውጤት መሠረት፣ 8 ሰዎች አንድ ላይ ሲጎትቱ እያንዳንዱ የሚያወጣው ጉልበት ብቻውን ሲጎትት ከነበረው ወደ ግማሽ ይወርዳል። አንዱ ምክንያት አለመቀናጀት ነው፤ አንዱ ሲስብ ሌላው ያላላል። ሌላው ምክንያት «ሌሎቹ አሉልኝ» ብሎ መዘናጋት ነው። ከብዙ ዓመታት በኋላ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ሰዎችን በቡድን እያስጮሁና እያስጨበጨቡ ተመሳሳይ ነገር አገኙ። ደስ የሚለው ግን መድኃኒቱም መገኘቱ ነው፤ የእያንዳንዱ ሰው ድርሻ ተለይቶ እንደሚታይ ሲያውቅ፣ ልግመቱ ይጠፋል።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንላለን። ተረቱን ልብ ብለን ካየነው፣ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ሎሚ ደርሶታል። የያዘውም፣ ያልያዘውም ይታወቃል። የልጆቻችን የቡድን ሥራ ላይ ግን ሃምሳውም ሎሚ አንዷ ጎበዝ ተማሪ ቀሚስ ላይ ይከመርና ሌላው ስሙን ያስጽፋል።

በአገራችን በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከመጣ ወዲህ ተማሪው ራሱ እየተሳተፈ እንዲማር ብዙ ተብሏል። በኋላም «አንድ ለአምስት» የሚባለው አደረጃጀት ትምህርት ቤት ገብቶ፣ ጎበዙ ተማሪ ሌሎቹን እንዲያግዝ ተሞክሯል። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ነገር ግን ልጆችን አንድ ወንበር ላይ ማስቀመጥ ወይም አንድ ግሩፕ ውስጥ መክተት ብቻውን ቡድን አያደርጋቸውም። አብሮ መሥራት እንደ ሒሳብ የሚማሩት ነገር ነው፤ ማን ነው የሚያስተምራቸው?

ኤሊየት አሮንሰን የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1971 አሜሪካ ውስጥ በኦስቲን ከተማ የሞከረው ዘዴ ለዚህ ጥሩ ነው። ትምህርቱን ቆራርጦ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ቁራጭ ይሰጠዋል፤ ልጁ የራሱን ካላስረዳ ሌሎቹ ሙሉውን አያገኙትም። ያኔ ዝም ያለውን ልጅ መናቅ ቀርቶ፣ ቀስ ብሎ እስኪናገር መጠበቅ ግድ ይሆናል።

ይሁንና ሩቅ ሳንሄድ፣ እዚሁ ጎረቤቶቻችን ዘንድ የቆየ ትምህርት አለ። በሲዳማ ባህል «አፊኒ» ይባላል። ቃሉ «ሰማችሁ ወይ?» እንደማለት ነው። ቅር የተሰኘ ሰው በራሱ እርምጃ ከመውሰዱ በፊት ነገሩን ያሰማል፤ ሽማግሌዎቹም ወዲህ ወዲያውን ሳያዳምጡ አይቆርጡም። እኔ ይህን ያህል ዘመን ቱላ ስኖር ይህን ቃል የምሰማው ትልልቅ ሰዎች ለትልልቅ ጉዳይ ሲቀመጡ ነበር። ለአምስት ልጆች የቤት ሥራም እንደሚያስፈልግ የገባኝ ያን ቅዳሜ ነው። ልጄ መልእክት ልካለች፤ «ሰማህ ወይ?» ብላ ግን አልጠየቀችም። እኔም ፈርጃለሁ፤ «ነግራችሁታል ወይ?» አላልኩም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ አምስቱም እኛ ቤት ተሰበሰቡ። ቡና አፈላሁና ጓዳ ገባሁ፤ አፌን ለመያዝ። የተጠረዘውን ወረቀት ሲያገላብጡ ያ ልጅ አንድ ፎቶ ላይ ቆመና በቀስታ፣ «ይሄ እኮ ሙዝ ነው» አለ። ከኢንተርኔት አውርደን በከለር ያሳተምነው! ቤቱ በሳቅ ሞላ። ከዚያ በኋላ እሱን የሚያስቆመው አልተገኘም። አዶ፣ ጌንቲቻ፣ ሚዳሾ እያለ የእንሰት ዓይነቶችን ዘረዘረ። እንሰቱ ለመፋቅ ስንት ዓመት እንደሚጠበቅ፣ ሴቶች ተሰብስበው እንዴት እንደሚፍቁት፣ ቡላው ከምኑ እንደሚወጣ፣ ጉድጓድ ውስጥ የሚብላላው እንዴት እንደሚሸፈን፣ ቃጫው ለምን እንደሚሆን ነገራቸው። ከእናቱ ጋር ሲሠራ ያደገ ልጅ ነው። እኛ ያሳተምነው ወረቀት ላይ ከዚህ ግማሹም አልነበረም።

ያ አውራ ጣት ላኪውስ? ልጄ አልተቆጣችውም። «አንተ ስለ ቃጫው ታቀርባለህ፤ ነገ ጠዋት ከሰልፍ በፊት ታሰማናለህ» አለችው። ሰኞ በግማሹ ተሸምድዶ፣ በግማሹ ከወረቀት እያነበበ አቀረበ አሉ። ይሁን፤ ከባዶ ይሻላል። ሽፋኑ በአምስት ስም እንደገና ታተመ፤ ሙዙም ወጣ። ከ20 ውስጥ 17 አገኙ።

ወላጆች፣ ከዚህ ያተረፍኩትን ላካፍላችሁ። ልጃችሁ የቡድን ሥራ ይዞ ሲመጣ «ስንት ማርክ አለው?» ከማለት በፊት «ማን ምን ይሠራል? እስከ መቼ?» በሉት። በወረቀት ይጻፉት። ስልክ የሌለው ልጅ በመሀላቸው ካለ መልእክቱ በእረፍት ሰዓት በአፍ ይነገር። ልጃችሁ ስለ አንዱ ሲያማርር፣ ከመፍረዳችሁ በፊት «ጠይቀኸዋል?» በሉት። ተጠይቆ፣ ሰምቶ፣ ድርሻውን አውቆ እምቢ ያለ ካለ፣ ያኔ ለመምህሩ በግልጽ መንገር ሐሜት አይደለም። እኔን የመሰላችሁ ደግሞ፣ ኮምፒውተር ቤት የምትሮጡ እናትና አባቶች፣ እባካችሁ ረጋ በሉ። የእኛ እጅ በገባ ቁጥር የልጆቹ ድርሻ ይጠፋል።

ትናንት ማታ ልጄ ለሌላ ትምህርት የተመደቡበትን ቡድን ስም ዝርዝር በደብተሯ ስትጽፍ አየኋት። ከየስሙ ጎን ትንሽ ሳጥን ሠርታለች። «ምንድን ነው?» አልኳት።

«መስማታቸውን ስጠይቅ ምልክት የማደርግበት» አለችኝ።

ቸር ሰንብቱ።