ነግ በእኔ ያላለው ራስ

ስለ ሃይማኖቱ የሞተን ሰው ማክበር ተገቢ ነው። ስለ ሃይማኖቱ የገደለን ሰው ግን ምን እንለዋለን? በአገራችን ብዙ ሰው ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ እንደ ገዳዩ ወገን ይለዋወጣል። ገዳዩ ከእኛ ወገን የሆነ እንደ ሆነ «ለሃይማኖቱ የቀና ጀግና» ይባላል፤ ከሌላው ወገን የሆነ እንደ ሆነ «አረመኔ» ይባላል። ይህ የተዛባ ሚዛን ነው። በተዛባ ሚዛን የሚሸጥ ነጋዴ እንደሚወቀስ ሁሉ፣ በተዛባ ሚዛን ታሪክ የሚናገር ሰውም ሊወቀስ ይገባዋል።

ወጣት አንባቢ ሆይ! ነገሩ እንዲገባህ የአንድ መስፍን ሕይወት አቀርብልሃለሁ። ስሙ ራስ ሥዕለ ክርስቶስ ይባላል፤ የኖረውም ጎንደር ዋና ከተማ ከመሆኗ በፊት፣ ነገሥታቱ በጎርጎራና በደንቀዝ ይቀመጡ በነበረበት ዘመን ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ ኤሮፓ አቆጣጠር ነው።) እኔ ፊደል የቆጠርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስለሆነ የሰፈሬ ልጆች «ጸረ ማርያም» እያሉ ይጠሩኝ ነበር። በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ስለ ሥዕለ ክርስቶስ ሲነገረኝ፣ በሰንሰለት ታስሮ ሳለ እምነቱን ያልለወጠ ሰማዕት ነው እባል ነበር። ከግቢው ስወጣ ደግሞ አገሩን ለሮማ አሳልፎ የሰጠ ከሃዲ ነው እባል ነበር። ከዚያ ወዲህ ከ30 ዓመት በላይ በጎንደር ከተማና በደጋው ወረዳዎች ሳስተምር ይህንኑ ክርክር ከተማሪዎቼ አፍ ስሰማ ኖሬአለሁ። ሁለቱም ወገን የሚናገረው ለራሱ የሚመቸውን ግማሽ ብቻ ነው። እስቲ ሙሉውን እንየው።

ሥዕለ ክርስቶስ የዐፄ ሱስንዮስ የእናት ልጅ ነበረ። ጎጃምን እንዲገዛ ተሾመ፤ በጦር ሜዳም የታወቀ አዋጊ ነበረ። በ1612 ገደማ ከኢየሱሳውያን መምህራን ተምሮ የሮማን ሃይማኖት ተቀበለ። ንጉሡ በይፋ የተቀበሉት ከዚያ 10 ዓመት ያህል ቆይተው በ1622 ነው። ስለዚህ እምነቱን ለሹመት ብሎ የያዘው ነው ብሎ ማጣጣል ይከብዳል። አምኖ ነበር። ችግሩም ያለው በማመኑ አይደለም፤ ያመነውን ሌላውም ሰው በሰይፍ እንዲያምን መፈለጉ ነው።

ይሁን እንጂ የዚያ ዘመን ሰይፍ የተመዘዘው መጀመሪያ በክርስቲያን ላይ አልነበረም። በሰሜን ተራሮች ጌዴዎን የሚባል የቤተ እስራኤል ባላባት ነበረ። የዙፋን ተቀናቃኝ አስጠግቷል ተብሎ ዐፄ ሱስንዮስ ዘመቱበት። ጦሩ ግን ባላባቱን በመቅጣት ብቻ አልተወሰነም። በ1610ዎቹ ዓመታት ከዘመቻው ጋር ቤተ እስራኤል በየሚኖሩበት እንዲገደሉ ታዘዘ፤ ከሞት የተረፉትም በግድ እንዲጠመቁ ተደረገ። ጌዴዎንም ከዓመታት በኋላ በሌላ ዘመቻ ተገደለ። በአንድ ሰው ሽፍትነት አንድ ሕዝብ ተቀጣ፤ ክርስቲያኑ ጦርም ድል ብሎ ቆጠረው። አባቶቻችን «ነግ በእኔ» የሚል ትልቅ ቃል አውርሰውናል። ይህ ቃል መነገር የነበረበት ያን ጊዜ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ሰይፉ ወደ ክርስቲያኑ ቤት ገባ። በ1617 የንጉሡ አማች ዮልዮስ የአባቶቼን ሃይማኖት አላስነካም ብሎ ተነሣ፤ ጳጳሱ አቡነ ስምዖንም ከእርሱ ጋር ተሰለፉ። ሁለቱም በጦርነቱ ሞቱ። በ1620 ገደማ ንጉሡ የቅዳሜን ሰንበት ማክበር ከለከሉ። በበጌምድር ገዥው ዮናኤል ሸፈተ፤ በዳሞትም ሕዝቡ ከመነኮሳቱ ጋር ሆኖ ተነሣ። በዳሞት ላይ የዘመተው ራስ ሥዕለ ክርስቶስ ነው። ድል አደረጋቸው፤ ከወደቁትም መካከል ብዙ መነኮሳት ነበሩ። እነዚህ መነኮሳት የፈለጉት አባቶቻቸው ያከበሩትን ቀን ማክበር ነበር።

እንግዲህ ሰማዕት ነው የምትሉ ሰዎች መልሱልኝ። በሚሲዮኑ ግቢ ውስጥ ስለ ዳሞት መነኮሳት ለምን አልተነገረኝም?

በ1625 ከሮማ የተላከው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ትግራይ ደረሰ። በ1626 የካቲት ወር ንጉሡና መኳንንቱ ለሮማ ሊቀ ጳጳሳት እንደሚታዘዙ በአደባባይ ማሉ። ከዚያ ወዲያ የኢትዮጵያ ክርስቲያን ጥምቀቱ አጠራጣሪ ነውና እንደገና ይጠመቅ፣ ቄሱም እንደገና ክህነት ይቀበል፣ ቤተ ክርስቲያኑም እንደገና ይባረክ፣ ጾሙና በዓሉም በሮማ ቀመር ይሁን ተባለ። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ልብ በል! ከጥቂት ዓመታት በፊት የቤተ እስራኤልን ልጅ በጦር ከቦ «ተጠመቅ» ያለ ክርስቲያን፣ አሁን በተራው ያንተ ጥምቀት ጥምቀት አይደለምና ተጠመቅ ተባለ። በሰሜን ተራራ ላይ የተሠራው ግፍ ወደ ሠሪው ደጅ መጣ።

የመጨረሻው ጦርነት በ1632 ወይና ደጋ ላይ ሆነ። ከላስታ የተነሣው የሽፍታው ሠራዊት መሪ መልክአ ክርስቶስ ይባል ነበር። በዚያ የሃይማኖት ጠብ ዘመን በአንዱ ወገን ሥዕለ ክርስቶስ፣ በሌላው ወገን መልክአ ክርስቶስ ነበሩ፤ ሁለቱም የክርስቶስን ምስል በስማቸው ተሸክመው ነበር። ንጉሡ አሸነፉ። ከላስታ ወገን 8,000 ያህል ሰው ወደቀ ይባላል። ድል ያደረጉት መኳንንት ግን በሬሳው መካከል ንጉሡን ይዘው ዞሩና፣ እነዚህ የወደቁት እስላሞች ወይም አረመኔዎች ሳይሆኑ ወንድሞቻችን ናቸው፣ እንዲህ ያለው ድል ምን ይጠቅመናል አሏቸው። መኳንንቱ እውነት ተናገሩ፤ ነገር ግን እውነታቸው ጎዶሎ ነበር። የሞተው እስላም ወይም ቤተ እስራኤል ቢሆን ኖሮ እንባ አያስፈልገውም ማለታቸው ነውና።

ዐፄ ሱስንዮስ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር የአባቶችን ሃይማኖት የሚመልስ አዋጅ አስነገሩ፤ ዙፋኑንም ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ከጥቂት ወራት በኋላ ሞቱና በአዘዞ ገነተ ኢየሱስ ተቀበሩ። ሥዕለ ክርስቶስ ከዚያ በፊት ከንጉሡ ጋር ተቃቅሮ ግዛቱን አጥቶ ነበር። አሁን ደግሞ የወንድሙ ልጅ ዐፄ ፋሲለደስ ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ጠየቁት። እምቢ አለ። ታሰረ፣ ተጋዘ፣ በመጨረሻም በሞት ተቀጣ።

ከሃዲ ነው የምትሉ ሰዎችም በተራችሁ መልሱልኝ። ሹመትና ርስት እያለ የካደ ብዙ አይተናል። ሹመቱንም ርስቱንም ነፍሱንም እየተነጠቀ ያልካደን ሰው በምን ቋንቋ ከሃዲ እንለዋለን?

እኔ የምፈርደው እንዲህ ነው። ሥዕለ ክርስቶስ በሰንሰለት ሳለ የጠየቀው ትክክለኛ ነገር ነበር፤ ሕሊናዬን ተዉልኝ ማለት ነው። ይህ ግን የዳሞት መነኮሳት እርሱን የጠየቁት ነገር ነው። እርሱ በሥልጣን ሳለ ለሌላው የነፈገውን፣ ሥልጣኑን ሲያጣ ለራሱ ለመነ። ጽናቱን አደንቃለሁ፤ ፍርዱን አወግዛለሁ። ሁለቱን በአንድ አፍ መናገር የሚከብደው ሰው ታሪክ ባያስተምር ይሻላል።

«ዘመኑ እንዲያ ነበር፤ በዛሬ ሚዛን አትመዝናቸው» የሚል አይጠፋም። በወይና ደጋ ሬሳ መካከል ቆመው የተናገሩት መኳንንት የዚያው ዘመን ሰዎች አይደሉምን? የ1632ቱ አዋጅ የዚያው ዘመን አዋጅ አይደለምን? ሰው በሰይፍ እንደማያምን ያን ጊዜም ይታወቅ ነበር። የታወቀው ግን ብዙ ሺህ ሰው ካለቀ በኋላ ነው።

«ጥፋቱ የፈረንጅ ነው» የሚልም አለ። ሜንዴዝ የሕዝቡን ልብ ሳያውቅ ሁሉን በአንድ ቀን ልለውጥ ማለቱ ትልቅ ጥፋት ነው። ነገር ግን በዳሞት የተመዘዘው ሰይፍ የማን ነበር? አዝማቹ የጎጃሙ ራስ፣ ወታደሩም የአገር ልጅ ነበር። መካሪው ፈረንጅ ቢሆንም እጁ የእኛ ነው።

ፈረንጆቹም ቢሆኑ ይህን መከራ በአገራቸው ቀምሰውታል። በደቡብ ፈረንሳይ፣ ኦክሲታኒያ በሚባለው አገር፣ ካታር የሚባሉ ከሮማ ቤተ ክርስቲያን የተለዩ ሰዎች ነበሩ። በ1209 የሮማው ሊቀ ጳጳሳት ሣልሳዊ ኢኖሰንት ያወጁት የመስቀል ጦር መጣባቸው። በቤዚዬ ከተማ ካታሩም ካቶሊኩም ሳይለይ ሕዝቡ ታረደ። የዚያች ከተማ ጌታ ሬይሞን ሮዤ ትሬንካቬል የሚባል የ24 ዓመት ጎልማሳ ነበረ። አጎቱ የቱሉዙ ባላባት ቤቱን ለማዳን ሲል ከዘማቾቹ ጋር ሲሰለፍ፣ ትሬንካቬል ሰዎቹን አሳልፎ አልሰጠም። ወደ ካርካሶን ሲሸሽ የቤዚዬን አይሁድ ከእርሱ ጋር ወሰዳቸው። በካርካሶን ተከብቦ ሳለ፣ ከ11 ባልደረቦችህ ጋር ብቻ በሰላም ውጣ ቢባል እምቢ አለ ይባላል። ተይዞ በዚያው ዓመት በእስር ቤት ሞተ። ሥዕለ ክርስቶስ የቆመው ለራሱ እምነት ነው፤ ይህ ጎልማሳ ግን እርሱ ያልያዘውን እምነት ለያዙ ሰዎችም ቆመ። ጌትነት ማለት ይህ ነው።

የእኛ አሸናፊዎችስ ከተሸናፊዎቹ ምን ተማሩ? እጅግ ጥቂት። ኢየሱሳውያን በ1634 ከአገር ተባረሩ። በ1638 አጋታንጅና ካሲያን የሚባሉ ሁለት የፈረንሳይ ካፑቺን መነኮሳት በጎንደር ተሰቅለው ሞቱ፤ እነርሱ ጦር አላዘመቱም፣ ቤተ ክርስቲያንም አላቃጠሉም። በ1668 በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የጎንደር እስላሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው ለብቻቸው እንዲሰፍሩ ተወሰነ። የፖርቱጋሎች ዘሮችም ወይ ሃይማኖታችሁን ለውጡ ወይ ከአገር ውጡ ተባሉ። አያቶቻቸው በ1541 ከክሪስቶፎሮ ዳጋማ ጋር መጥተው በግራኝ ጦርነት ለዚህችው አገር ደማቸውን ያፈሰሱ 400 ወታደሮች ነበሩ። ሰይፉ እጅ ለወጠ እንጂ ወደ ሰገባው አልተመለሰም።

ወጣቶች ሆይ! ይህ ሁሉ የድሮ ነገር ነው እንዳትሉኝ። በ2022 ከፋሲካ በኋላ፣ ረመዳንም ሳይፈታ፣ በዚህችው በጎንደር ከተማ በአንድ ሙስሊም አረጋዊ ቀብር ላይ በተነሣ ሁከት ከ20 የማያንስ ሰው ሞተ። ነገሩ ከከተማችን አልፎ በስልጤ አገር አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። በጎንደር የተገፋው ሙስሊም ነበር፤ በስልጤ የተገፋው ክርስቲያን ሆነ። ነግ በእኔ ያላለ ሰው ነገን በጎረቤቱ ቤት ያየዋል፤ ከዚያም በራሱ ቤት ያየዋል።

ስለዚህ ይህን እመክራችኋለሁ። የደንቀዝን ፍርስራሽና የአዘዞን ቤተ ክርስቲያን ሂዳችሁ እዩ፤ ስታዩም የማን ወገን አሸነፈ ብላችሁ አትጠይቁ፤ ስንት ሰው ያለ ፈቃዱ ተጠመቀ፣ ስንት ሰው ያለ በደሉ ሞተ ብላችሁ ጠይቁ። ሃይማኖታችሁን አጥብቃችሁ ያዙ፤ ለእርሱ መከራ መቀበል ቢያስፈልግም ተቀበሉ። ነገር ግን በእናንተ መንደር ብዙው የእናንተ ወገን በሆነበት ስፍራ፣ ጥቂት ሆኖ የሚኖረው ጎረቤታችሁ ሲሰደብ፣ መቃብሩ ሲደፈር፣ ልጁ በትምህርት ቤት በስድብ ስም ሲጠራ ዝም አትበሉ። የሃይማኖታችሁ ፈተና የሚመጣው በምትታሰሩበት ቀን ብቻ አይደለም፤ ማሰር በምትችሉበትም ቀን ይመጣል። ራስ ሥዕለ ክርስቶስ የመጀመሪያውን ፈተና አለፈ፤ ሁለተኛውን ወደቀ። እናንተ ሁለቱንም እለፉ።