ከላንጋኖ እስከ ሞጆ፦ የፍየል በሽታን ቀድሞ ለመግታት

ከላንጋኖ ዳርቻ ለሞጆ የኤክስፖርት ቄራዎች የሚነዳ ፍየል በገበያና በጭነት መኪና ላይ ከቦረና ከመጡ መንጋዎች ጋር ይቀላቀላል። ደስታ መሰል የበጎችና ፍየሎች በሽታ የሚዛመተውም በእንዲህ ያለ ንክኪ ነው። መከላከያ ክትባቱ በቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይመረታል፤ በሽታውን እስከ እ.ኤ.አ. 2030 ከዓለም ለማጥፋትም ዕቅድ ተይዟል። የከብት ደስታ በሽታ መጥፋቱ በ2003 ዓ.ም. መታወጁ ይህ የማይቻል እንዳልሆነ ያሳያል።

ሆኖም ክትባት ብቻውን አይበቃም። በ2014 ዓ.ም. በቢሾፍቱ አካባቢ የዶሮ በሽታ በተከሰተ ጊዜ የዶሮና የዶሮ ውጤቶች ዝውውር ተገድቦ ነበር፤ እንዲህ ያለው እገዳ ጤነኛ ዶሮ ያለውንም አርቢ ይጎዳል። አርቢው ገበያ እንዳይዘጋበት ሰግቶ ምልክት ቢሸሽግ ምክንያቱ ይገባናል፤ ነገር ግን የዘገየ ጥቆማ እገዳውን ያሰፋዋል እንጂ አያስቀረውም። የቄራ ሐኪሞችም ያዩትን ምልክት እንስሳው ለመጣበት ወረዳ በወቅቱ ማሳወቅ ይጠበቅባቸዋል።

ትኩሳት፣ የዓይንና የአፍንጫ ፈሳሽ፣ የአፍ ቁስል ወይም ተቅማጥ ያየ አርቢ እንስሳውን ለይቶ ያቆይ፤ ወደ ገበያ ሳያወጣም በአቅራቢያው ለሚገኝ የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ወይም ለቀበሌው የልማት ሠራተኛ ያስታውቅ።