የቆጥ ነገር

የዛሬው ወሬዬ ስለ ቆጥ ነው። አገር ቤት ጭስ ሲጠጣ ስለሚኖረው ቆጥ ሳይሆን መኪና ውስጥ ስለሚሠራው።

እዚሁ ፍራንክፈርት የሚኖር አንድ ወዳጄ አሮጌ የዕቃ መኪና ገዛና «ካምፐር አደርገዋለሁ፤ በበጋ ከነቤተሰቤ አውሮፓን አያለሁ» አለ። ሐሳቡ ለጀርመን አዲስ አይደለም። ቬስትፋሊያ የተባለው ፋብሪካ ለፎልክስዋገን ኮምቢ የካምፒንግ ሣጥን መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። ወዳጄም አልጋውን ሠራ፣ ምድጃውን ገጠመ፣ በመጨረሻም ከራስ በላይ ግራና ቀኝ የእንጨት ሣጥን ሰቀለ። እንጨቱ ሰው መንገድ ላይ ካወጣው ቁም ሣጥን የተገኘ ቺፑድ ነው። በነፃ!

ሣጥኑ ውስጥ ምን ገባ መሰላችሁ? በርበሬው፣ ሽሮው፣ የቡና ሙቀጫው፣ አሥር ኪሎ የጤፍ ዱቄት። «ለሁለት ቀን መንገድ ይሄ ሁሉ ምን ያደርግልሃል?» ብለው፣ «ካገሬ የወጣሁት አንዲት ፌስታል ይዤ ነው። ሁለተኛ ባዶ እጄን ከቤት አልወጣም» አለኝ። ምን ይመለስለታል? ዝም አልኩ።

ለሙከራ ሁለታችን ወጣን። ፍራንክፈርተር ክሮይትስ ላይ ከኤ5 ወደ ኤ3 ስንታጠፍ ከኋላችን ጓ! የሚል ድምፅ ሰማን። ከአውራ ጎዳናው ወጥተን ስናይ የቀኙ ሣጥን ከነጤፉ ወርዶ ልጁ የምትቀመጥበት ወንበር ላይ ተጋድሟል። ልጅቷ ያን ቀን ትምህርት ቤት ነበረች። ወዳጄ ወንበሩን እያየ ቃል ሳይተነፍስ ቆየ።

በማግስቱ መርካቶ ውስጥ ለብዙ ዘመን አናጢ የነበሩ አንድ ጋሼን ይዘን መጣን። ቀና ብለው አዩና፣ «ልጄ፣ ለቆዳው ሰጠኸው እኮ! አጥንቱ የት ሄደ?» አሉት። እውነታቸውን ነው፤ ቪቱ የነከሰው ስስ ላሜራውን ነበር። ሣጥን የሚታሰረው ከጣሪያው ሥር ከሚያልፉት የብረት ጎድኖች ጋር ነው፤ ያውም ብረቱ ውስጥ ገብቶ እንደ ሪቬት በሚጨፈለቅ ዳዶና በቡሎን።

እንጨቱም ጥፋት አለበት። ቺፑድ በኪዩቢክ ሜትር 650 ኪሎ ገደማ ሲመዝን ከፖፕላር ዛፍ የሚሠራው ኮምፔንሳቶ 450 ገደማ ነው። ቺፑድ እርጥበት ሲነካው ደግሞ ያብጥና ቪቱን ይለቃል። በሩ በመንገድ ንዝረት እንዳይከፈት የሚቆልፍ እጀታ ይፈልጋል፤ የፊት ጠርዙም ራስ እንዳይፈነክት ክብ ይደረጋል።

እዚህ አገር ጭነት የሚያስሩ ሰዎች ስሌት አላቸው፦ ድንገት ፍሬን ሲያዝ ዕቃው በክብደቱ 80 በመቶ ኃይል ወደፊት ይገፋል፣ በመታጠፊያ ላይ ደግሞ በ50 በመቶ ወደ ጎን። ጋሼ ይህን ስሌት አላነበቡም። ግን «ልብስና ፎጣ ላይ፣ ጤፍና ሙቀጫ ታች» ብለው ጨረሱት።

አዲሱ ሣጥን በኮምፔንሳቶ ተሠራ። ጋሼ በሁለት እጃቸው ተንጠለጠሉበት፤ ንቅንቅ አላለም።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ይላል ያገሬ ሰው። ወዳጄ ግን ቆጡ ላይ ሁሉን እሰቅላለሁ ብሎ የብብቱን ሊያጣ ነበር። እኛም ብንሆን፣ ያጣነው ሁሉ ዳግም እንዳያመልጠን ስንቱን ከልጆቻችን ራስ በላይ ሰቅለናል?

ሙቀጫው አልቀረም፤ አብሮ ይጓዛል። ከአልጋው ሥር ነው።

ሳምንት ያገናኘን።