ልጃችሁን ሽባ የሚያደርገው መርፌው አይደለም!



«ዶክተር፣ የፈለጋችሁትን አድርጉ፣ ወገቡን ግን እንዳትነኩት!» ይህን ያልሰማ የድንገተኛ ክፍል ሐኪም ያለ አይመስለኝም። የልጁ ሰውነት እንደ እሳት ይፋጃል፣ ያስመልሰዋል፣ አንገቱ አልታጠፍ ብሏል። ማጅራት ገትር ጠርጥረን ከወገቡ ፈሳሽ እንውሰድ ስንል አባት ይነሳል፦ «የጎረቤታችን ልጅ ከጀርባው ውሃ ተቀድቶ ነው ሽባ የሆነው!»

እስኪ የጎረቤት ልጅ ለምን ተቀዳ? ማጅራት ገትር ተጠርጥሮ አይደለም? ሜኒንጎኮከስ የተባለው ባክቴሪያ የሚያመጣው ማጅራት ገትር ሐኪም ቤት ታክሞ እንኳ ከ10 ታማሚዎች አንዱን ገደማ ይገድላል። ከሚተርፉትም መስማት የሚያቅታቸው፣ እጅ እግራቸው የማይታዘዝላቸው፣ የሚጥል በሽታ የሚይዛቸው አሉ። ጥፋቱን የሠራው በሽታው ነው፤ መርፌው ቦታው ላይ ስለተገኘ ተከሰሰ።

ህብለ ሰረሰር እስከ መቀመጫ አይወርድም። በአዋቂ ሰው ወገብ ላይ ገና ሲደርስ ያበቃል፣ በሕፃናት ትንሽ ዝቅ ይላል። እኛ የምንወጋው ከዚያ በታች ነው። የምንወስደው ጥቂት ጠብታ ነው፤ ሰውነት በሰዓታት ውስጥ ይተካዋል። ራስ ምታትና የወገብ ሕመም ሊያስከትል ይችላል፣ አልክድም። ምርመራው የማይደረግበት ሁኔታም አለ፤ ያኔ እኛው እንተወዋለን።

ፈሳሹ ካልታየ የትኛው ጀርም እንደሆነ፣ የትኛው መድኃኒት ለስንት ቀን እንደሚሰጥ በግምት እንሠራለን። «ልጄ ተከትቧል» ማለትም አይበቃም። በአገራችን እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2015 በዘመቻ የተሰጠው ክትባት የሚከላከለው «ኤ» የተባለውን ዓይነት ብቻ ነው፤ ሲ፣ ደብልዩ እና ኤክስ የሚባሉትን አይነካም። ከፋርማሲ ገዝታችሁ አንቲባዮቲክ ጀምራችሁለት ከሆነ ደግሞ አትደብቁን፤ የምርመራውን ውጤት ሊያሳስተን ይችላል።

እኛም ጥፋት አለብን። «እዚህ ጋ ፈርሙ» ብለን ወረቀት እንዘረጋለን እንጂ አናስረዳም። ወላጅ ቢፈራ ምን ይገርማል?

ብቻ «ምች ነው» እያላችሁ በዳማከሴ ሌሊቱን አታንጉት። ጨቅላ ጡት እምቢ ካለና እርግብግቢቱ ካበጠ፣ ወይም ቆዳ ላይ ሲጫኑት የማይጠፋ ነጠብጣብ ከወጣ፣ እኩለ ሌሊትም ቢሆን በዚያችው ሰዓት ይዛችሁት ውጡ። ጠይም ቆዳ ላይ ነጠብጣቡ ላይታይ ስለሚችል መዳፉን፣ የእግሩን ውስጥና የዓይኑን ሽፋን ገልብጣችሁ እዩ።

ሐኪሙ ፈሳሽ እንውሰድ ሲላችሁ «ለምን? የት ጋ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ማስረዳት ግዴታው ነው። ከዚያ ልጁ እንዳይንቀሳቀስ አጥብቃችሁ ያዙልን።