የማማ ላይ መነጽር

ነቀምቴ አቅራቢያ ባለችው ጉቴ አካባቢ በቆሎው እሸት ሲይዝ ብዙ ቤተሰብ ማማ ላይ ይወጣል። ቀን ዝንጀሮና ጦጣ፣ ሌሊት ከርከሮና ጃርት ማሳውን ይፈራረቁበታል። ልጆች ወንጭፍ ይዘው ከትምህርት የሚቀሩትም በዚሁ ሰበብ ነው። ስለዚህ ነቀምቴ ወርዶ የርቀት መነጽር የሚገዛ ገበሬ ሳይ ደስ ይለኛል። መንጋውን ገና ጫካው ዳር ሳለ ያየ ሰው ሰብሉን ሳያስነካ ይመልሰዋል።

የሚያበሳጨኝ ገበያው የሚያቀርብለት ዕቃ ነው። «ጋሼ፣ ይሄ አዲስ የወጣ ነው፣ የተሻሻለ ነው» ይሉታል። ከጎኑ 20 እጥፍ፣ አንዳንዱም 100 እጥፍ ያቀርባል የሚል ጽሑፍ አለበት፤ ሌንሱም ቀይ ቀለም ተቀብቶ ያብረቀርቃል። ገዢው በቁጥሩ ይማረካል፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ይጨምራል። በእጅ የሚያዝ መነጽር ግን ከ10 እጥፍ ሲያልፍ የእጅን መንቀጥቀጥም አብሮ ያጎላል፤ ዝንጀሮውን ከቁጥቋጦው መለየት ያቅታል።

መነጽሩ ላይ 8×42 የሚል ካያችሁ፣ የፊተኛው ቁጥር ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ፣ የኋለኛው የፊት ሌንሱ ስፋት ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ ይናገራል። 42ን ለ8 አካፍሉት፤ ወደ ዓይን የሚገባው የብርሃን ክብ ከ5 ሚሊ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። 20×25 የሆነው የሚሰጠው ግን ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙም የማያልፍ ክብ ነው። ሲመሽ የዓይናችን ብሌን ይሰፋል፤ የወጣት እስከ 7፣ ዕድሜው የገፋ ሰው እስከ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ። ሱቅ ውስጥ በቀትር ሲሞከር ብሌን ራሱ ጠብቦ ስለሚውል ሁለቱም መነጽሮች እኩል የጠሩ ሊመስሉ ይችላሉ። ጀምበር ከጠለቀች በኋላ፣ ከርከሮ ከጫካ ብቅ ሲል፣ ያ ባለ 20 እጥፉ ጨለማ ነው።

ማታለሉን ለማወቅ ማስመሪያ ይበቃል። መነጽሩን በክንዳችሁ ርቀት ወደ ሰማይ ያዙት፤ ዓይን በሚያርፍበት በኩል ሁለት የብርሃን ክቦች ይታያሉ። ስፋታቸውን ለኩ። የፊት ሌንሱ 50 ሚሊ ሜትር ሆኖ 20 እጥፍ ያቀርባል ከተባለ ክቡ 2 ሚሊ ሜትር ተኩል መሆን አለበት። 5 ከሆነ ግን ዕቃው የሚያቀርበው 10 እጥፍ ነው፤ የተሻሻለው ጽሑፉ ብቻ ነው።

ዝናቡም አለ። ነቀምቴና አካባቢዋ በዓመት 2000 ሚሊ ሜትር ገደማ ያገኛሉ። ናይትሮጅን ያልተሞላና በደንብ ያልተደፈነ መነጽር በክረምት ከውስጥ ላብ ያወጣል፣ ቀጥሎ ሌንሱ ይሻግታል። ማጉያው እየተቀያየረ የሚወጣና የሚገባው ደግሞ እርጥበት የሚገባበት ክፍተት ስለሚበዛበት ቶሎ ይበላሻል።

ጠመንጃው ላይ በሚገጠመው መነጽር ማሳ የሚጠብቁም አሉ። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። በጠመንጃ መነጽር የሚያይ ሰው ያየውን ሁሉ አፈሙዝ ደግኖበታል፤ ቁጥቋጦ ውስጥ የሚንቀሳቀሰው ደግሞ የጎረቤት ልጅ ሊሆን ይችላል። እርግጥ አደን ለዚህ አገር አዲስ አይደለም፤ የደዴሳ ሸለቆ በነቀምቴው ገዥ በደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ ዘመን የዝሆን አደን ምድር ነበር፤ ሩሲያዊው መኮንን ቡላቶቪችም በ1889 ዓ.ም. ወደዚህ አገር መጥቶ አደኑን ጽፎታል። ያ ዘመን አልፏል፤ ዛሬ የዱር እንስሳት ሕግ ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። ጥሩ የርቀት መነጽር የያዘ ጠባቂ ዛፍ ላይ ያለው ጉሬዛ መሆኑን ለይቶ ይተወዋል፤ የጉሬዛ ምግብ በአብዛኛው ቅጠል ነውና።

እናንተም ሻጮች፣ ገዢው ጀምበር ስትጠልቅ ከሱቃችሁ ደጅ ቆሞ እንዲሞክር ፍቀዱለት። ገዢዎች ደግሞ 8×42፣ ማጉያው የማይቀያየር፣ ውሃ የማያስገባ ጠይቁ። ከዚያ ውጭ «ተሻሻለ» ለሚባለው ሁሉ የበቆሎ ገንዘባችሁን አታውጡ።