ጭረቱን ማን አሰመረው?

በትልቅ አዳራሽ የዕቅድ አፈጻጸም ሪፖርት ሲቀርብ ተሰብሳቢው ሠንጠረዥ አያነብም፤ ግራፍ ያያል። በሐዋሳው የሲዳማ ባህል አዳራሽ የኋላ ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው ከስክሪኑ የሚደርሰው መስመሩ መውጣቱ ወይም መውረዱ ነው። ከመስመሩ ሥርና ጎን የተደረደሩትን ትንንሽ ጭረቶችና ቁጥሮች ልብ የሚላቸው ጥቂት ነው። መስመሩን ዳገት ወይም ሜዳ የሚያስመስሉት ግን እነሱው ናቸው። ብዙውን ጊዜ ደግሞ የመረጣቸው አቅራቢው ሳይሆን ግራፉን የሠራበት ሶፍትዌር ነው።

የአክሲስ፣ ማለትም የግራፉ ቋሚና አግድም መለኪያ መስመር፣ ጭረትና ጽሑፍ እንደ ጌጥ ስለሚቆጠር ሪፖርት አዘጋጆች ለቀለም ምርጫ የሚሰጡትን ጊዜ ያህል እንኳ አይሰጡትም። ይህ ስሕተት ነው። የጭረቱ ቦታ የሪፖርቱ ይዘት አካል ነው፤ ሊወስነው የሚገባውም ጉዳዩን የሚያውቀው ሰው ነው። የራሷ የዘመን አቆጣጠር ባላት አገር ደግሞ ውሳኔውን ለማሽን መተው ጉዳቱ ይብሳል።

ሶፍትዌሩ በዘፈቀደ አይሠራም። የኮምፒውተር ግራፊክስ ባለሙያው ፖል ሄክበርት እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመው አጭር ስልት፣ በጭረቶች መካከል ያለው ልዩነት 1፣ 2 ወይም 5፣ አለዚያም 10፣ 20 ወይም 50 እያለ እንዲሄድ አደረገ፤ እነዚህ ለዓይንም ለአእምሮም ይቀልላሉና። እ.ኤ.አ. በ2010 ተመራማሪዎቹ ታልቦት፣ ሊን እና ሃንራሃን የቁጥሩን ቀላልነት፣ ጭረቶቹ መረጃውን ምን ያህል እንደሚሸፍኑ፣ ጥግግታቸውንና የጽሑፉን ተነባቢነት አንድ ላይ የሚመዝን ቀመር አቀረቡ። ሁሉም የሚመዝኑት መልክን ነው። 50 የማለፊያ ነጥብ መሆኑን፣ ሐምሌ 1 የበጀት ዓመት መባቻ መሆኑን ከቁጥሩ መልክ ብቻ ሊያውቅ የሚችል ቀመር የለም።

ቢሮ ሁሉ የሚገለገልበትን ኤክሴልን እንውሰድ። ቁጥሮቹ በሙሉ ከዜሮ በላይ ሲሆኑ በትልቁና በትንሹ መካከል ያለው ልዩነት ከትልቁ 16.67 በመቶ ከበለጠ ቋሚው አክሲስ ከዜሮ ይነሣል። ካነሰ ግን ኤክሴል ወለሉን ከፍ ያደርገዋል። ሦስት ወረዳዎች ዕቅዳቸውን 91፣ 94 እና 96 በመቶ ፈጸሙ እንበል። ልዩነቱ ጠባብ ስለሆነ ወለሉ ወደ 88 አካባቢ ይወጣል፤ የመጀመሪያው ወረዳ ባር የሦስተኛውን ግማሽ እንኳ አያህልም። በአምስት ነጥብ ብቻ የተበለጠ ወረዳ በአዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት የወደቀ ይመስላል። በሚቀጥለው ሩብ ዓመት አንዱ ወረዳ ወደ 60 ቢያሽቆለቁል ወለሉ ተመልሶ ዜሮ ይሆናል፤ የሁለቱ ሩብ ዓመታት ግራፎችም ጎን ለጎን ቢቀመጡ የማይነጻጸሩ ናቸው።

ከዜሮ መነሣት ብቻውንም አይበቃም። ትምህርት ሚኒስቴር እንዳስታወቀው፣ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም ደግሞ 5.4 በመቶ ነበሩ። ቋሚው አክሲስ ከ0 እስከ 6 ከሆነ የ2016 ባር ሌሎቹን ጥሎ ይሄዳል። ከ0 እስከ 100 ከሆነ ሦስቱም ከወለሉ እምብዛም አይነሡም። ሁለቱም ግራፎች እውነት ናቸው። የመጀመሪያው «መሻሻል አለ ወይ?» ለሚለው፣ ሁለተኛው «ከተፈታኙ ስንቱ አለፈ?» ለሚለው መልስ ይሰጣል። የትኛው ጥያቄ እንደተጠየቀ የሚያውቀው አቅራቢው ብቻ ነው፤ ሶፍትዌሩ ግን የላይኛውን ጣሪያ ከ6 አካባቢ አድርጎ የመጀመሪያውን ይመርጥለታል።

በሌላ በኩል ከዜሮ መነሣት የማያዋጣበት ጊዜም አለ። የሐዋሳ ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ 1,680 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። የውኃው ከፍታ በአንድ ሜትር ቢጨምር ለሐይቅ ዳር ነዋሪ ትልቅ ነገር ነው፤ ከዜሮ በሚነሣ አክሲስ ላይ ግን መስመሩ ቀጥ ያለ ሜዳ ይሆናል። ባር ርዝመቱ ስለሚነበብ ከዜሮ መነሣት አለበት። መስመር የሚነበበው በአካሄዱ ስለሆነ ከሌላ ቁጥር ሊነሣ ይችላል፤ መነሻው በጉልህ እስከተጻፈ ድረስ።

የበለጠ የሚያወዛግበው አግድሙ አክሲስ ነው። ኢትዮጵያ ሦስት የሕዝብና ቤት ቆጠራዎችን አካሂዳለች። በአውሮፓ አቆጣጠር 1984፣ 1994 እና 2007 ተብለው ሲጻፉ በመካከላቸው 10 እና 13 ዓመት ያለ ይመስላል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር 1976፣ 1987 እና 1999 ሲባሉ ልዩነቱ 11 እና 12 ይሆናል። ቆጠራዎቹ የተጀመሩት በግንቦት 1976፣ በጥቅምት 1987 እና በግንቦት 1999 ስለሆነ ትክክለኛው ርቀት 10 ዓመት ከ5 ወርና 12 ዓመት ከ7 ወር ገደማ ነው። በኤክሴል የመስመር ግራፍ ዓመቶቹ እንደ ተራ ስያሜ ሲገቡ ደግሞ ሦስቱም በእኩል ርቀት ይደረደራሉ። የሕዝብ ዕድገቱ ፍጥነት በእነዚህ አራት አደራደሮች አራት ዓይነት ሆኖ ይታያል።

ወራቱም እንዲሁ ናቸው። ቀንን በራሱ የሚያሰላ ሶፍትዌር ጭረቱን የሚያስቀምጠው ጃንዋሪ 1 ላይ ነው፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ታኅሣሥ 23 ላይ ይውላል። ጳጉሜን ከሌሎቹ ወራት እኩል ባር ከተሰጣት ምርቱም ገቢውም በአምስት ቀን ውስጥ የተንኮታኮተ ይመስላል። የበጀት ዓመቱ የመጀመሪያ ሩብ ከሐምሌ እስከ መስከረም ጳጉሜንን ጨምሮ 95 ቀን፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ 96 ቀን አለው፤ ሌሎቹ ሦስቱ 90 ናቸው። እኩል የሠራ መሥሪያ ቤት በዚህ ምክንያት ብቻ በመጀመሪያው ሩብ ከ5 በመቶ በላይ ብልጫ ያሳያል። «2012» የሚል ባዶ ጽሑፍም ለአንዱ አንባቢ የለንደን ኦሎምፒክ ዓመት፣ ለሌላው ሲዳማ ክልል የሆነበት ዓመት ነው።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። በኤክሴል አክሲሱን ሁለት ጊዜ ጠቅ ማድረግ ትንሹን፣ ትልቁንና በጭረቶች መካከል ያለውን ልዩነት የሚወስን ሰሌዳ ይከፍታል። በኮድ ግራፍ በሚሠራው ማትፕሎትሊብ የየወሩን መባቻ ወደ አውሮፓ ቀን ቀይሮ ለጭረት መስጠት፣ ጽሑፉን ደግሞ «መስከረም»፣ «ጥቅምት» ብሎ መጻፍ ይቻላል። ፊደሉ በባዶ ሣጥን ከተተካ የማትፕሎትሊብ መደበኛ ፎንት የግዕዝ ፊደል ስለሌለው ነው፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን ጭኖ በኮዱ ውስጥ መምረጥ ይበቃል። ጥግ ላይ በትንሹ የሚወጣው «1e9» ተነሥቶ «በቢሊዮን ብር» ቢባል የኋላ ወንበርም ያነበዋል።

አንድ መከራከሪያ ይነሣል፦ ጭረቱ በሰው እጅ ከገባ ውጤቱን ማሳመር ይቀልላል፤ ማሽኑ ቢያንስ አያዳላም። ስጋቱ እውነት ነው። ነገር ግን ከላይ የታዩት ምሳሌዎች ማሽኑም ሳያውቅ እንደሚያዳላ ያሳያሉ፤ በዚያ ላይ ለስሕተቱ ተጠያቂ የሚሆን ሰው አይኖርም። የሚያሳስትን ግራፍ «ሶፍትዌሩ ነው» ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ አስቀድሞ በጽሑፍ የተቀመጠን ደንብ መጣስ ግን ወዲያው ይታያል።

ስለዚህ ሥራው የጋራ ደንብ ማውጣት ነው። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎትና ዩኒቨርሲቲዎች በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተዘጋጀ፣ ጳጉሜንን እንዴት ማስተናገድ እንደሚገባ የሚወስን፣ ዓ.ም ወይም እ.ኤ.አ. ሳይጻፍ ዓመት የማይቀበል የግራፍ ቅጽ ለመሥሪያ ቤቶች ቢያሰራጩ በጥቂት ወጪ ብዙ ስሕተት ይቀራል። እስከዚያው አቅራቢዎች ሪፖርቱን ከማቅረባቸው በፊት የአክሲሱን መነሻ፣ የጭረቶቹን ርቀትና የዘመን አቆጣጠሩን ራሳቸው ይወስኑ፤ ተሰብሳቢዎችም ስለ መስመሩ ከመጠየቃቸው በፊት ስለ እነዚህ ሦስቱ ይጠይቁ።