«የ250 ዓመት አገር ምን አርኪኦሎጂ አለው?» ለምትሉ

ባለፈው ሳምንት ስለ ጄምስታውን ቁፋሮ አንድ አጭር ነገር ለጥፌ ነበር። ከሥሩ የተደረደረውን አስተያየት አነበብኩት። ግማሹ ሳቅ ነው። «አክሱምና ላሊበላ ያለን ሕዝብ የአሜሪካን የትናንት ጡብ እናድንቅ እንዴ?» ያለ አለ። «ይሄ እኮ የአያቴ ቤት ዕድሜ ነው» ያለም አለ። ከሳቂዎቹ ሦስት አራቱ እኔው ያስተማርኳቸው ልጆች ናቸው፤ ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የዕድሜውን ነገር ቶሎ ልጨርሰው። አርኪኦሎጂ የሽምግልና ውድድር አይደለም። መለኪያው ዕድሜ ቢሆን ኖሮ ሉሲ የተገኘችበት ሐዳር ሁሉንም ዘግቶ ይጨርስ ነበር፤ አክሱምንም ማንም ባልቆፈረ። ሰው ኖሮ ያለፈበት አፈር ሁሉ የሚነበብ ነገር አለው፣ የ3 ሺህ ዓመትም ይሁን የ200። አለቀ።

ከባዱ ክርክር ሌላ ነው። ያነሳው ታሪክ የሚያስተምር አንድ ወዳጄ ነው፤ እሱን አክብሬ ነው የምመልስለት። እንዲህ ይላል፦ የአክሱም ሰው ስለ ዕለት ኑሮው ብዙ አልጻፈልንም፣ ስለዚህ መቆፈር ግድ ነው። የአሜሪካ መሥራቾች ግን ደብዳቤያቸው አለ፣ የሒሳብ መዝገባቸው አለ፣ ጋዜጣቸው አለ፣ የፍርድ ቤት ወረቀታቸው አለ። የተጻፈ እያለ አፈር መጫር ትርፉ ምንድነው?

መልሱ እዚያው ጥያቄው ውስጥ ነው ያለው፤ ማን ነው የጻፈው? ጆርጅ ዋሽንግተን በ1799፣ ሊሞት ወራት ሲቀሩት፣ ማውንት ቨርነን በሚባለው ርስቱ ላይ በባርነት የሚኖሩትን ሰዎች ዝርዝር አዘጋጅቷል። 317 ናቸው። ስማቸው አለ፣ ሥራቸው አለ። ማታ ቤታቸው ገብተው ምን እንደሚያበስሉ ግን ዝርዝሩ አይናገርም፤ ጌታ ስለዚያ ምን አስጨነቀው? ያንን የነገረን በ1980ዎቹ የተቆፈረው የመኖሪያቸው ምድር ቤት ነው። ጉድጓዱ ውስጥ የዓሣ አጥንት፣ የዱር አውሬና የአእዋፍ አጥንት ተገኘ። ጥቃቅን የአደን ጥይት እርሳስ ሳይቀር ተገኘ። እስቲ አስቡት፤ በሕግ የሰው ንብረት የሆነ ሰው፣ ቀኑን ሙሉ ለጌታው ሠርቶ፣ በትርፍ ሰዓቱ አድኖና ዓሣ አጥምዶ ከሚሰፈርለት እህል ላይ የራሱን ወጥ ይጨምር ነበር። ይህንን የትኛው ደብዳቤ ላይ ታገኙታላችሁ?

ወዳጄ «እሺ፣ እሱ ጥቃቅን ነገር ነው» ሊል ይችላል። ወደ ፊላደልፊያ ልውሰደው።

ከ1790 እስከ 1800 የአሜሪካ ዋና ከተማ ፊላደልፊያ ነበረች። ዋይት ሀውስ ገና አልተሠራም። ዋሽንግተን፣ ከእሱም ቀጥሎ ጆን አዳምስ፣ በፕሬዚዳንትነት የኖሩት ማርኬት ጎዳና ላይ ባለ አንድ የኪራይ ቤት ነው። ይህ ቤት በ1832 አብዛኛው ፈረሰ፤ ቦታው ላይ ሱቆች ተሠሩ፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ደግሞ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት። አዎ፣ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ቤት ላይ ሽንት ቤት። (እኛ ብቻ ነን ቅርስ የማንጠብቀው እያላችሁ ለምታለቅሱ፣ ተጽናኑ።)

ዋሽንግተን ወደዚያ ቤት በባርነት የያዛቸውን 9 ሰዎች አምጥቶ ነበር። በ1780 የወጣው የፔንሲልቫኒያ ሕግ ግን ከሌላ ክፍለ ግዛት የመጣ ጌታ ባሪያውን እዚያ 6 ወር ካቆየ ያ ሰው ነጻነቱን መጠየቅ ይችላል ይላል። ዋሽንግተን ምን አደረገ? ስድስት ወሩ ከመሙላቱ በፊት ሰዎቹን ከክፍለ ግዛቱ እያስወጣ መመለስ። ነገሩ ከእነሱም ከሕዝቡም ተሰውሮ እንዲደረግ ለጸሐፊው ለቶቢያስ ሊር በ1791 በደብዳቤ አዟል። ከዘጠኙ አንዷ ኦና ጀጅ በግንቦት 1796 ከዚያው ቤት ጠፍታ ኒው ሃምፕሻየር ገባች። ሊያስመልሷት ሞከሩ፣ አልቻሉም። እስከ 1848 ኖራ እዚያው ሞተች፣ በሕጉ ፊት እስከ መጨረሻው ኮብላይ እንደሆነች። ወጥ ቤቱን የሚመራው ሄርኩለስ ደግሞ በ1797፣ በጌታው 65ኛ የልደት ቀን ከማውንት ቨርነን ጠፋ። ቀኑን ሳይመርጠው አይቀርም፤ ይሄ የእኔ ግምት ነው።

«ይኸው! ሁሉም ተጽፏል፣ ቁፋሮው ለምን አስፈለገ?» ትሉኝ ይሆናል። ወረቀቱማ 200 ዓመት ሙሉ መዝገብ ቤት ተቀምጦ ነበር። እዚያው ከጎኑ የነጻነት ደወል የሚባለውን ለማየት በየዓመቱ ብዙ ሰው ይጎርፋል፤ በ2003 የተከፈተው የደወሉ አዳራሽ መግቢያ ራሱ እነዚያ ሰዎች ያድሩበት ከነበረው ቦታ በጥቂት እርምጃ የሚርቅ ነው። ወደ ነጻነት ደወል የሚገባው ጎብኚ የባሪያ ማደሪያ ላይ እየተራመደ ነበር የሚያልፈው። አንድ የታሪክ ተመራማሪ ቦታውን በትክክል ለይቶ አሳተመ፣ የጥቁር አሜሪካውያን ማኅበራት ሰልፍ ወጡ፣ ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ በ2007 ተቆፈረ።

የተገኘውን ስሙ። ዋሽንግተን እንግዳ የሚቀበልበት፣ በግማሽ ክብ ወደ ውጭ የወጣው ትልቅ መስኮት መሠረት ተገኘ። የዛሬው የዋይት ሀውስ ሞላላ ቢሮ ሐሳብ የመጣው ከዚህ ነው የሚሉ አሉ። ከዚያ በጥቂት ሜትር ርቀት ላይ ደግሞ ሄርኩለስ ይሠራበት የነበረው ኩሽና መሠረት። ከኩሽናው ወደ ዋናው ቤት የሚወስድ፣ ማንም ያልጠበቀው የምድር ውስጥ መተላለፊያ አብሮ ወጣ። የሚያገለግለው ሰው ከእንግዶች ዓይን ውጭ በምድር ሥር ይመላለስበት የነበረ መንገድ ነው። ከጎዳናው አጠገብ ማየት የሚቻልበት መድረክ ተሠርቶ ሕዝቡ በሺዎች እየመጣ ቁልቁል አየ። አለቀሱ፣ ተከራከሩ፣ ከአርኪኦሎጂስቶቹ ጋር ቆመው አወሩ። በዚህ የተነሳ የመታሰቢያው ንድፍ ራሱ ተለውጦ ፍርስራሹ በመስታወት በኩል እንዲታይ ተደረገ። ያ ሁሉ ደብዳቤ ያላደረገውን ሁለት ጉድጓድ በጥቂት ወራት አደረገው። ፕሬዚዳንቱ የቆመበትና ሄርኩለስ የቆመበት በአንድ እይታ ውስጥ ሲገቡ «ያ ሌላ ታሪክ ነው» ብሎ መለየት አይቻልማ።

አሁን ደግሞ «ባለጌ ወርቅ ፈላጊዎች» ላላችሁት ትንሽ። እዚያ አገር ጥሩ ቁፋሮ የሚያስጨንቀው ዕቃው ሳይሆን የአፈሩ ቀለም ነው። እንጨት ምሰሶ መሬት ውስጥ ቆሞ ሲበሰብስ ቦታውን በጠቆረ አፈር ይተዋል። ጄምስታውን፣ በ1607 እንግሊዞች የሰፈሩበት ምሽግ፣ በወንዙ ተበልቶ ጠፍቷል ተብሎ ለብዙ ዘመን ሲታመን ዊልያም ኬልሶ በ1994 ቆፍሮ የአጥሩን መስመር ያገኘው በዚህ የጠቆረ አፈር ነው። ከሸክላ የተሠራ የትምባሆ ፒፓ ስብርባሪ ደግሞ ከወርቅ ይበልጥባቸዋል። ለምን? የፒፓው ጭስ ማሳለፊያ ቀዳዳ ከ1600ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1700ዎቹ መጨረሻ እየጠበበ ሄዷል። ሃሪንግተን የሚባል አርኪኦሎጂስት በ1954 ይህንን አስልቶ አሳየ፤ ብዙ ስብርባሪ ሰብስበህ ቀዳዳውን በመሰርሰሪያ ብረት ትለካለህ፣ ቦታው በየትኛው ዘመን ሰው እንደኖረበት ትገምታለህ። ክፍል ውስጥ ይህንን ስነግራቸው ከኋላ የሚተኙት እንኳ ይነቃሉ።

እዚያው ጄምስታውን ከ1609 እስከ 1610 ባለው ክረምት ክፉ ረሀብ ገብቶ ነበር። ወደ 300 ከሚጠጉት ሰፋሪዎች 60 ያህሉ ብቻ ተረፉ። ሰው የሰው ሥጋ በላ ብለው የጻፉ ነበሩ፤ ስም ማጥፋት ነው ያሉም ነበሩ። ወረቀት ከወረቀት ጋር 400 ዓመት ተጨቃጨቀ። በ2012 ከቆሻሻ መጣያ ጉድጓድ የአንዲት 14 ዓመት ገደማ ልጅ የራስ ቅል ወጣ፣ ቢላ ያረፈበት፣ የተፈለጠ። ክርክሩ እዚያ ላይ ቆመ።

ኒው ዮርክን ሳላነሳ ብጨርስ ግን ራሴን እታዘባለሁ፤ ምክንያቱም ከእናንተ መሀል አንዷ «ሙታንን ማወክ ነውር ነው» ብላ ጽፋለች፣ እሷም እውነት አላት። በ1991 ማንሃተን ውስጥ ብሮድዌይ አጠገብ የፌዴራል መንግሥት ትልቅ ፎቅ ሊሠራ መሬት ሲቆፈር መቃብር ወጣ። የአፍሪካውያን መቃብር። አሮጌ ካርታ ላይ ስሙ ተጽፏል፣ ግን ከላዩ ብዙ ሜትር አፈር ስለተደለደለበት ጠፍቷል ተብሎ ነበር የታሰበው። በ1600ዎቹ መጨረሻና በ1700ዎቹ እስከ 15 ሺህ የሚደርስ ሰው እንደተቀበረበት ይገመታል። ከኒው ዮርክ ወርቅና ፎቅ ሥር፣ ነጻ አውጪ ነን ከሚሉት የሰሜን ግዛቶች ሥር!

መጀመሪያ ላይ ሥራው የተሠራው በጥድፊያ ነው፤ ኮንትራክተር ይጠብቃላ። መቃብሮች ተጎዱ። ሕዝቡ ተነሳ፣ ጸሎትና ሰልፍ ተደረገ፣ በ1992 ኮንግረስ ገብቶ ቁፋሮው እንዲቆም ሆነ። አጽሞቹን የማጥናቱ ሥራ ዋሽንግተን ዲሲ ላለው ለሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተሰጠ፣ የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ ለሚባለው፤ ዲሲ ያላችሁ የሐበሻ ሬስቶራንት ስትሄዱ በአጠገቡ የምታልፉበት ነው። ማይክል ብሌኪ የሚመራው ቡድን «ምን ማወቅ ትፈልጋላችሁ?» ብሎ መጀመሪያ የጠየቀው የእነዚያን ሰዎች ዘር ነን የሚሉትን ነው። የ419 ሰዎች አጽም ተጠና። ግማሽ ሊሞላ የቀረበው ሕፃናት ነበሩ። ጎልማሶቹ ላይ ደግሞ ከአቅም በላይ ሸክም አከርካሪና አንገትን የጎዳበት ምልክት። አንዲት ሴት ወገቧ ላይ ከመቶ በላይ ዶቃ ታጥቃ ነበር የተቀበረችው። በ2003 ሁሉም በክብር እዚያው ተመልሰው ተቀበሩ።

ስለዚህ እህቴ፣ ሙታኑን የሚያውከው ፎቁ ነው። ቁፋሮው ባይኖር የኮንክሪት መሠረት በላያቸው ይፈስ ነበር፣ እኛም ዛሬ ኒው ዮርክ ከባርነት ንጹሕ ናት ብለን ክፍል ውስጥ እናስተምር ነበር። ዊልያምስበርግ ላይ ይኸው ሆኗል። የሮክፌለር ገንዘብ ፈሶበት የቅኝ ግዛት ዘመን ከተማ እንደነበረ ሆኖ በታደሰበት ቦታ፣ ገዥው የኖረበት ቤተ መንግሥት እንደገና ሲገነባ፣ ጥቁሮች በ1776 የመሠረቱት ቤተ ክርስቲያን ቦታ አስፋልት ለብሶ የመኪና ማቆሚያ ሆነ። በ2020 አስፋልቱ ተነስቶ ሲቆፈር ከ60 በላይ መቃብር ተገኘ። ለአሥርት ዓመታት ጎብኚ «ታሪክ ለማየት» መኪናውን ያቆም የነበረው መቃብር ላይ ነው።

«ይሄ ሁሉ ፖለቲካ ነው» ለሚሉ፣ እዚያም እዚህም ላሉ፣ አንድ ነገር ብቻ። በ2024 ማውንት ቨርነን ምድር ቤት ውስጥ 35 ጠርሙስ ተገኘ፣ 29ኙ ሳይሰበር፣ አንዳንዶቹ ቼሪ እንደያዙ። ከ250 ዓመት በኋላ! ጋዜጣው ሁሉ «የዋሽንግተን ቼሪ» ብሎ ጮኸ። ልጅ ሆኖ ቆረጠው የሚባለው የቼሪ ዛፍ ተረት ዊምስ የሚባል ሰው የፈጠረው ነው፣ ያ ተረት አሁንም ርዕስ ይሰጣል። ፍሬውን ማን ለቀመው? ማን በጠርሙስ አሽጎ፣ ማን ጉድጓድ ምሶ ቀበረው? የርስቱ አርኪኦሎጂስቶች ራሳቸው በባርነት የነበሩ ሰዎች ሥራ ነው ብለው ተናግረዋል። ፖለቲካው ያለው አፈሩ ላይ አይደለም፣ ርዕሱ ላይ ነው።

አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ያላችሁ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ብዙ ናችሁ። የምትኖሩበት ከተማ ከ1989 ጀምሮ ታሪክ ያለበት ቦታ ላይ የሚገነባ ባለሀብት አስቀድሞ አርኪኦሎጂስት አምጥቶ እንዲያስፈትሽ የሚያስገድድ ሕግ አለው። በዚያ ሕግ ምክንያት በ2015 እና በ2018 ወንዙ ዳር ለሆቴልና ለመኖሪያ ቤት ሲቆፈር የድሮ መርከቦች ወጡ፤ የወደቡን ዳርቻ ለመሙላት ሆን ተብለው የሰመጡ ናቸው። የከተማው የአርኪኦሎጂ ሙዚየም ወንዙ አጠገብ ነው፣ በእግር ይደረሳል። ከዚያ ማውንት ቨርነን በመኪና ሩቅ አይደለም። ስትሄዱ ዋናው ቤት ፊት ለፊት የሚነሳውን ፎቶ ተዉት፣ ጎግል ላይ ሞልቷል። የባሮቹን መኖሪያና የመቃብር ቦታቸውን አንሱና ላኩልኝ፤ በመስከረም ለአሥራ አንደኛ ክፍሎች የአሜሪካን አብዮት ሳስተምር እፈልገዋለሁ።